የኦርቪል ቅድስና

ሎሪን በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት ገጠር ወደ እናቷ ቤት ስትነዳ፣ አጎቷን ኦርቪልን ከተበላሸች መኪናቸው አጠገብ ቆመው አገኘቻቸውና አሳፈረቻቸው። ባታያቸው ትመርጥ ነበር። እኚህ ሰው በእናታቸው ቀብር ላይ እህታቸውን ቬርናን፣ የሎሪንን እናት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ለሴት የከለከለውን አድርጋ ጸጉሯን ስለተቆረጠች «ዓለማዊ» ብለው በሰው ፊት ካዋረዷት ወዲህ፣ ቬርና ቤተ ክርስቲያን ረግጣ አታውቅም።

«እናቴ ነገ የልብ ቀዶ ሕክምና አላት። ይቅርታ አይጠይቋትም?»

«እጸልይላታለሁ።»

«ጸሎቱንማ ማን ከለከለዎት? ይቅርታ ነው ያልኩት።»

«ልጄ፣ እኔ በጎረምሳነቴ በድንኳን በተደረገ የስብከት ጉባኤ ተንበርክኬ ተቀድሻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ኃጢአት የለብኝም። በደልኩ ካልኩ መቀደሴን ካድኩ ማለት ነው።»

ሎሪን መሪውን ጨምድዳ ያዘች። ይህን መልስ ሰምታ ሰምታ አንገፍግፏታል።

«አጎቴ፣ መቀደስ ለእግዚአብሔር መለየት ነው። ያኔ ራስዎን ሰጡ፣ እሱም ተቀበለዎት፤ ይህን ማን ካደ? የተለየ ሰው ግን በየቀኑ ይታጠባል፣ ያድጋል። በቆሎ የዘሩ ዕለት ያጭዳሉ እንዴ?»

«እናንተ ኮሌጅ የገባችሁ ኃጢአትን ታባብላላችሁ።»

«የሚያባብሉትስ እርስዎ! ኩራትዎን ቅድስና ብለው ስም አወጡለት።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያም ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ዕድሜ ልኬን ቆሜ ‹ነጽቻለሁ› ስል ኖሬ፣ አሁን ጉባኤው ምን ይለኛል?»

«ክርስቶስ የመጣው ስምዎን ሊጠብቅ ነው ወይስ እርስዎን ሊያጥብ?»

ቤት ሲደርሱ ኦርቪል ቀድመው ወረዱ። ቬርና በረንዳው ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ቬርና፣ በእማማ ቀብር ላይ ያልኩሽ ኃጢአት ነበር። ስህተት ብቻ ነበር ብዬ አላልፈውም። ይቅር በይኝ።»

ቬርና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቁጭ በል፤ ገና የምነግርህ አለኝ» አለችና ወንበር ገፋችላቸው።

የነገረቻቸው ብዙ ነበር፤ እሳቸውም አንዱንም ሳያስተባብሉ አዳመጡ። በማግስቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እስክትገባ እጇን ይዘው ነበር። ቬርና ድና ወጣች።

በተከታዩ እሑድ ኦርቪል በጉባኤው ፊት ቆመው፣ «እግዚአብሔር ቀድሶኛል፤ ዛሬም ገና እየቀደሰኝ ነው» አሉና በደላቸውን ተናገሩ። የፈሩት ሳቅ አልመጣም። ይልቁንም በአጥር ተጣልተው የከረሙ ሁለት ጎረቤታሞች ከየመቀመጫቸው ተነሥተው ተጨባበጡ። ነጽቻለሁ ብሎ በሩን የዘጋ ሰው ጸጋንም ወንድሙንም ውጭ ያስቀራል፤ በደሉን የሚናዘዝ ግን እሱም ይነጻል፣ ቤቱም ሰላም ያገኛል።