ከጦር መርከብ የመጣ ስልክ

ይኸውላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የጎረቤታችን የእትዬ አሰለፈች ልጅ ዘሪሁን ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ተገለበጠ ተባለና የአስከሬን ፎቶ በስልክ መጣ። ፊቱ አይለይም፤ ቀዩን ጃኬት ግን እናቱ አወቁት። የዕድሩን ድንኳን ተከልን። በሠልስቱ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ «ያን ባሕር የስንት አገር ባሕር ኃይል ተባብሮ ይጠብቀዋል ይባል የለ?» ሲሉኝ፣ «እሱ ለነጋዴ መርከብ ነው አባባ! የድሃ ልጅ ማን ዞር ብሎ ያያል?» አልኳቸው በንዴት።

ተናግሬ ሳልጨርስ የእናቱ ስልክ ጮኸ። «እማዬ፣ ዘሪሁን ነኝ! የአንዱ አገር አውሮፕላን አይቶኝ፣ የሌላው የጦር መርከብ ከባሕር አወጣኝ!» ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔማ ከሽማግሌው ዓይን ሸሸሁ። ለለቀስተኛው ንፍሮ ሲያድሉ የነበሩት የእትዬ አሰለፈች የአጥር ጎረቤት እትዬ ብዙነሽ ሰፌዱን እንደያዙ ሮጠው መጡ። የሳቸው ልጅ ታደሰም ከዘሪሁን ጋር አብሮ ሄዶ ድምፁ አልተሰማም ነበር።

«የኔስ ልጅ? ታደሴስ?» አሉ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው።

ዘሪሁንም፣ «ብርድ ሲያንቀጠቅጠው ጊዜ... ጃኬቴን አልብሼው ነበር እትዬ» አላቸው።

ድንኳኑን ነቅለን ከአጥሩ ወዲያ ተከልነው።