የሐዘን ጢም

በጣሊያን ጊዜ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ዋሻ ሥራ የሚወስደን ካሚዮን ጥርሳችንን እንኳ ቦታ ያቀያይር ነበር። ከጎኔ ሁለት ድንጋይ ፈላጮች ያወራሉ።

“ታደሰ፣ የአቧራ ጭንብልህ አይገጥምህም እኮ።”

“ጢሜ ነዋ፣ ጋሼ ይማም። በጎንና በጎኑ አቧራ ያስገባል።”

“ተላጨዋ!”

“የወንድሜ አርባ ሳይወጣ? አገር ምን ይለኛል?”

“ጭንብል መስጠት የካቦው ፋንታ ነው፤ ፊትህ ላይ ማጥበቁ ያንተ።”

“ሐዘኔንስ?”

“ወንድምህን ምን ገደለው?”

“ሳል... የዋሻው አቧራ።”

“ጭንብል አልነበረውም?”

“ያኔ ማን ሰጥቶት!”

“እናትህ ሌላ ወንድ ልጅ አላት?”

“እኔው ብቻ ነኝ።”

“ወላሂ፣ ስንወርድ እኔው እላጭሃለሁ።”

“...እሺ፣ ጋሼ።”

እኔም እስከ እምብርቴ የወረደውን ጢሜን ቀስ ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኩት።