ከሰፈራችን ታሪክ የቀሩት ገንዳዎች

የማወራችሁ የሚያስመሰግነኝ ነገር አይደለም። ብደብቀው በወደድኩ፤ ነገር ግን ሃያ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው የገዛ ሰፈሬን ታሪክ ካበላሸሁ፣ እኔው ብናዘዘው ይሻላል።

መሃል ከተማ ያለው አሮጌው ሰፈራችን ሊታደስ ነው። የውሃና የፍሳሽ መስመር ሊገባ፣ የዘመሙት ቤቶች ሊጠገኑ፣ መግቢያው ላይም የሰፈሩን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ ሊቆም ተወሰነ። ጽሑፉን እንዳዘጋጅ የእድሳት ኮሚቴው ለእኔ አደራ ሰጠ። በታሪኩ የተጠቀሰ ቦታ ይጠበቃል፤ ያልተጠቀሰ ይፈርሳል። ጽፌ ጨርሼ ላስረክብ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ዞር ብል አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ የውሃ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«መምህሩ! ዝናብ ባይኖር በምን እናገኝህ ነበር? እስቲ የያዝከውን አንብብልኝ» አሉኝ።

«ይህ ሰፈር የነጋዴዎችና የሊቃውንት መንደር ነበር» ብዬ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ አክስቴ።»

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ። ቆዳ አልፊዎቹስ? አባትህስ?»

አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር። ወንዙ ዳር ያሉትን፣ ቆዳ የሚነከርባቸውን ስድስት የድንጋይ ገንዳዎች የጠረቡት አያቱ ናቸው። በዕቅዱ መሠረት ሲሚንቶ ተሞልቶባቸው የመኪና ማቆሚያ ይሆናሉ።

«ይረዱኝ እንጂ» አልኩ፣ አስተማሪነቴ እየመጣብኝ። «ሰፈሩ ሲታደስ እንግዳ ይመጣል። ለእንግዳ ያማረው ይታያል እንጂ የቆዳ ሽታ? ልጆቻችንስ ‹የፋቂ ልጅ› ተብለው ይሰደቡ? ያለፈው አልፏል።»

«አልፏል? ታዲያ ስድቡን አሁን ካንተ አፍ የሰማሁት ምነው?»

አክስቴ ባልዲያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ስማ የወንድሜ ልጅ። እኔ ቆሻሻው ናፍቆኝ አይደለም። ውሃ ስቀዳ ወገቤ አልቋል፤ መስመሩ ይግባ፣ መጸዳጃውም ይሠራ፣ እሰየው! ግን ነጋዴዎችህ ምን ተጫምተው ነው የነገዱት? ሊቃውንትህስ መጽሐፋቸውን በምን ደጎሱት? እጃችንን ፈለጉ፣ ስማችንን ተጸየፉ። እነሱስ ባዕድ ናቸው። አንተ ግን የተማርከው በዚያ እጅ ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አልኩ በመጨረሻ። ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩት ክርክር ይህቺው ብቻ ነበረች።

«እሱንማ አውቃለሁ። ተማሪ ሳለህ ጓደኞችህ ወደ ታች ስትወርድ እንዳያዩህ በላይኛው ድልድይ ዞረህ ነበር የምትገባው። አባትህም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ያውቅ ነበር።»

«ያውቅ ነበር?»

«ገንዳው ጋ ቆሞ በየቀኑ ያይህ ነበር። ልቆጣህ ብል ‹ተይው፣ የላይኛው መንገድ ጭቃ የለውም፣ ጫማው ይበረክትለታል› አለኝ። ጫማውን የሰፋልህ ራሱ ባለፋው ቆዳ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሃምሳ ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ሱቅ በረንዳ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አክስቴ አላባበሉኝም፤ ዝናቡን ያዩ ነበር።

ያረጀ አስተሳሰብ ያልተማረ ሰው ቤት ብቻ የሚያድር ይመስለናል። ፊደል ያልቆጠሩት አክስቴ አዲሱን ይዘው ነበር፤ ዲግሪ ይዤ አሮጌው እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን እዚያው ቀደድኩት። ኮሚቴው ፊት ቀርቤም «ይህን ሰፈር ያቀኑት ቆዳ አልፊዎች ናቸው» ስል ሊቀመንበሩ «ከየት አመጣኸው?» አለኝ።

«አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር» አልኩ። ገንዳዎቹን የሚጠቅሰውን አዲስ ጽሑፍም ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

ገንዳዎቹ ተረፉ። መስመሩ ገብቶ ወንዙ ጠራ፤ ሙያውን ያልተዉ አራት ቆዳ አልፊዎች ፍሳሹ በወጉ የሚሄድበት ንጹሕ መሥሪያ አገኙ፤ ልጆቻቸውም ገንዳዎቹን «የኛ ናቸው» ብለው ለእንግዳ ያስጎበኛሉ። አክስቴ ግቢ ቧንቧ ገባ። የሠሪውን ስም ያጠፋ ሰፈር ቢለሰን ቢቀባ እንደማያምር፣ ከእኔ ጥፋት የሚማር ይማር።

አሁን ወደ ቤት የምገባው በታችኛው መንገድ ነው። ገንዳዎቹ ጋ ስደርስ ቆም እላለሁ። ቆሞ የሚያየኝ ግን የለም።