መርሳ ላይ የሠራነው የአሸዋ ጉብታ

ክቡራትና ክቡራን፣ አለቃዬ አቶ አብዱልሐሊም፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የሸለማችሁኝን ጋቢም ወድጄዋለሁ። ብዙ አላወራም፤ ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጤና ተቆጣጣሪ ሆኜ የሰው ሽንት ቤት ስፈትሽ ኖርኩ። ሐራ፣ ግራና፣ መርሳ፣ በነዚህ ከተሞች ያልገባሁበት ግቢ የለም። ማን በደስታ ይቀበለኛል?

አንዱ ግቢ ግን ከልቤ አልወጣ አለ። መርሳ የሚኖሩ ጎረቤቴ፣ እማማ ትርንጎ፣ ሁለት ክፍል ለመምህራን አከራይተው በኪራዩ ይተዳደሩ ነበር። ሰፈራችን ትንሽ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል። የሽንት ቤታቸው ጉድጓድ የሚጠጡትን ውሃ ሊበክል ሆነ። ከሦስት ዓመት በፊት «ይዘጋ» ብዬ ጻፍኩ።

«ልጄ፣ ሌላውን በምን ልሥራው?» አሉኝ።

«እሱን እንግዲህ እርስዎ ይወቁ» አልኳቸው። የሞተር ብስክሌቴን ሞተር እንኳ አላጠፋሁም ነበር።

ተከራዮቹ ወጡ። እማማ የሰው ሽንት ቤት መለመን ጀመሩ። የኔን አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

ባለፈው ክረምት ተራው የኔ ሆነ። ሴፕቲክ ታንኬ፣ የሽንት ቤቴ ፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ሞልቶ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። ሔዋን የምትባል ወጣት መሐንዲስ አመጣሁ። አንድ ሜትር ሳይቆፈር ውሃ ብቅ አለ።

«ወደ ታች አይሆንም» አለች። «ከመሬት በላይ የአሸዋ ጉብታ ሠርተን፣ ፍሳሹን በፓምፕ ወደዚያ ገፍተን ማጣራት ነው።»

«ስንት ይፈጃል?»

«አራት መቶ ሺህ ብር ገደማ።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ቱቦው፣ ፓምፑ… ወልድያ ላይ ሱቅ እከፍትበታለሁ ብዬ የቆጠብኩት ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሰውን «ሥሩ» ስል፣ ዋጋውን ጠይቄ አላውቅም። አንድም ቀን!

በዚያው ቀን እማማ ትርንጎ ቤት ገብቼ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«የነገርሽኝ እውነት ነበር» አሉኝ። «ብቻ ቁጭ ብለሽ አላዋየሽኝም።»

ሔዋንን «ጉብታውን ለኔም ለእማማም ቤት እንዲበቃ አድርጊው» አልኳት። ወጪው አምስት መቶ ሺህ ደረሰ። ባለቤቴ ወንዳወቅ ሱቁ መቅረቱን ሲሰማ ሁለት ቀን አኮረፈኝ፤ በሦስተኛው ቀን አካፋ ይዞ ወጣ።

አሁን ጉብታው ላይ ሣር በቅሏል። እማማ አንዱን ክፍል አከራይተዋል፤ ሁለተኛው ገና ነው። እኔም ደክሞኛል። ሱቅም የለኝም።

ማስጠንቀቂያ አትጻፉ አልልም፤ ውሃ ሲበከል ልጆች ይታመማሉ። ግን ከመጻፋችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ዋጋውን ጠይቁ። ጎረቤታሞች አንድ ላይ ቢሠሩስ ብላችሁ አስሉ።

ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ። እናንተም ጡረታ ስትወጡ፣ ይቅርታ የምትለምኑትን ሰው በሕይወት ያቆይላችሁ።