ከሳንድተን ፍሎረንስ ይቀርባል

ሰላማዊት ከጣሊያን በተመለሰች በሳምንቱ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አሌክሳንድራ በተባለው የድሆች ሰፈር ወዳለው የእህቷ የፊቤ ቤት ሄደች። ፊቤ ከባሏ ጋር የምትኖረው ከስፓዛቸው፣ ከትንሿ ሱቃቸው፣ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። ልጃቸው ማራናታ ከተወለደ ዓመት አልፎታል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህርቷ አክስቱ ግን ከሀይዌዩ ማዶ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር ሳንድተን ተቀምጣ ያየችው ገና ዛሬ ነው። እጇን ብትዘረጋለት እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገ። ደንገጥ አለችና ስልኳን አውጥታ፣ ፍሎረንስ ኡፊዚ ሙዚየም ያነሳቻቸውን ፎቶዎች እያሳየች ታሪኩን ትተርክ ጀመር። ስትጨርስ የእናታቸው እህት ኤርጎጌ ወደ ፊቤ ዞሩ።

«ፊቤዬ፣ ሻይሽ ዝንጅብሉ እንዴት ደስ ይላል! ብርዱም ጋብ አለልን አይደል? … እኔ የምልሽ፣ አንዲት የማውቃት ሴት አለች፤ አንቺ አታውቂያትም። ጎበዝ ናት! ያ ሙዚየም እኮ ድሮ መስፍኑ ሹማምንቱን ሰብስቦ ያስቀመጠበት ቢሮ ነበር አሉ። ‹ኡፊዚ› ማለትም ቢሮ ማለት ነው። ታዲያ ቢሮ የገባ ሰው ዘመድ ይጠይቅ ይባላል እንዴ? … ነውር ነው!

ደግሞ ጌቶቹ ከቢሮ ወደ ቤት ሲሄዱ ከገበያተኛው ጋር እንዳይጋፉ፣ ከሰው አናት በላይ፣ በድልድዩ ላይ የሚያልፍ መተላለፊያ አሠሩ። ድልድዩ ላይ የነበሩትንም ሥጋ ሻጮች ሽታው አስቸገረን ብለው አስነሡና ወርቅ ሠሪዎች አስገቡበት። ብልሆች! እንዲህ ያለ ነገር ሀይዌያችን ላይ ቢሠራ፣ ያቺ ሴት ጫማዋን አቧራ ሳይነካው ስንቴ በመጣች ነበር! … መንገዱ ነው እንጂ የከለከላት፣ ልቧማ እዚሁ ነው። ‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት› ይሉ ነበር አበው። የቅርብ ዘመድስ ሲሆን? … እሱን ሳይነግሩን ሞቱ።»

ፊቤ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። ሰላማዊት ሻዩን ፉት አለች።

«ያ ሥዕሉ ላይ ያየነው፣ አንድ ዓይኑ የጠፋው ሌላው መስፍንስ! ሠዓሊው በደኅናው በኩል ብቻ ሣለው፤ ሌላውን በኩል ማን ያየዋል? … እሷም ወዳጄ በደኅናው በኩል ናት፤ ፎቶዋ ሁሉ ያምራል። ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው፤ እሷማ ባሕር ተሻግራ አየችበት። ቅርቡ ነው እንጂ የሚደበዝዝባት … መነጽር ይታዘዝላት ይሆን?»

ሰላማዊት ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ መሬት ላይ ተንበረከከች። «ማራናታ፣ ና እስቲ» አለች። ልጁ ቀስ ብሎ ቀረበ፣ የጆሮ ጉትቻዋን በጣቱ ነካ፤ ከዚያ ሮጦ ወደ እናቱ ተመለሰ። ሰላማዊት ከተንበረከከችበት ሳትነሣ ቀረች።

ኤርጎጌ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ለሰለሰ። እጃቸውን ሰላማዊት ራስ ላይ ጫኑ፤ ዓይናቸው ግን ከፊቤ ላይ አልተነሣም።

«ያቺን ሴት ጌታ ይባርካት፤ ዕድሜዋን እንደ ማቱሳላ ያርዝምላት። ይህ ልጅም አድጎ፣ ‹አክስትህ የትኛዋ ናት?› ብለው ሲጠይቁት፣ ከግድግዳው ፎቶ ላይ ሳይሳሳት እንዲያሳያቸው ጌታ ይርዳው። አሜን በዪ እንጂ፣ ፊቤዬ!»