ከልዕልት ጋጣ ዝቅ ብሎ፣ ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ የኖሩት የአቶ ገሰሰ ጉግሳ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ዛሬ ንጋት ላይ በሰፈራችን ጥሩምባ አልተነፋም። የዕድራችንን ጥሩምባ እየነፉ የእያንዳንዳችንን ሐዘን ከደጅ ደጅ ሲያደርሱ የኖሩት አቶ ገሰሰ ጉግሳ ራሳቸው ስላረፉ፣ ጥሩምባቸውን አንሥቶ የእሳቸውን ሞት ለመናገር የማናችንም አንጀት አልቻለም፤ ስለዚህ ወሬው በጆሮ በጆሮ ዞሮ እናንተን በዚህ በኪዳነ ምሕረት ደጅ ሰበሰባችሁ። ቤተ ዘመዱና ዕድሩ ያዘጋጁት ዜና ሕይወታቸው እነሆ ይነበባል፤ ከወትሮው ረዘም ቢል ሟቹም ወሬ ማሳጠር የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና በእሳቸው ይሁንባችሁ።

አቶ ገሰሰ ከአባታቸው ከአቶ ጉግሳ ወልዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉነሽ ማሞ በ1912 ዓ.ም. በሸዋ ክፍለ ሀገር በጨቦና ጉራጌ አውራጃ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከደብሩ ቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥረው፣ ንባብ ለይተው፣ ዳዊት ሊጀምሩ ሲሉ አባታቸው በድንገት ስላረፉባቸው ትምህርቱን ትተው የእናታቸውን የእንሰት ማሳ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ጠላት ከአገር በወጣ ማግስት፣ በ1934 ዓ.ም.፣ እንደ ብዙው የአገራቸው ጎልማሳ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገቡ።

በዚያ ጊዜ ይህ ዛሬ ቦሌ እያልን የምንኮራበት ምድር ሰፈር አልነበረም፤ ክረምት ሲሆን ውሃ የሚተኛበት፣ በጋ ሲሆን ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ሜዳ ነበር። ሜዳው ለአንዲት ልዕልት ርስት ሆኖ ተሰጥቶ ግቢ መሥራት ሲጀመር፣ አቶ ገሰሰ በቀን ሠራተኝነት ገብተው በመጀመሪያ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ቀጥሎ ችግኝ ተካይ፣ በኋላም የአትክልቱ ሁሉ ኃላፊ ሆኑ። ከትልቁ የብረት በር እስከ ልዕልቲቱ እልፍኝ ድረስ ግራና ቀኝ የቆሙትን ጥዶች የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ የፈረሶቹ ጋጣ ሲታነጽ ድንጋይ ያመላለሱት፣ በወንዙ ላይ የድንጋዩ ድልድይ ሲጣል ከግንበኞቹ ጋር ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ የቆሙት፣ ልዕልቲቱ ለነፍሳቸው ያሠሩትን የዚህን ቤተ ክርስቲያን አፈር የደለደሉት እሳቸው ናቸው። ይህን ሁሉ ሲተርኩ ግን ከሜዳው የተነሡትን ገበሬዎች ሳያነሡ አያልፉም ነበር። ከሾላው ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ ገበሬዎቹ በኦሮምኛቸው ቡርቃ ይሉት ስለነበር፣ ግቢው ሌላ ስም ቢያወጣለትም፣ አቶ ገሰሰ ቡርቃ ማለትን ዕድሜ ልካቸውን አልተዉም፤ «ሰው ቢነሣ ስሙን ለምን እናነሣበታለን» ይሉ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውባንቺ ገብሬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ልዕልቲቱ ለሠራተኞቻቸው ቦታ ሲመሩ፣ ጃንጥላ አስይዘው በእግራቸው እየዞሩ ለባልደራሱም፣ ለወጥ ቤቷም፣ ለዘበኛውም በየተራ ሲያሳዩ፣ ለአቶ ገሰሰ ከጋጣው ዝቅ ብሎ ከድንጋዩ ድልድይ አጠገብ ያለችውን ቁራሽ ሰጧቸው። በዚያች ላይ ባልና ሚስቱ በእጃቸው ጭቃ ረግጠው ቤት ሠሩ፤ በዚያችው ቤት ሴት ልጃቸውን ገንዘቤን በ1945፣ ወንድ ልጃቸውን ሙሉአለምን በ1949 ወለዱ። ሰፈራችን ልዕልት ሰፈር የተባለው እንዲህ በአገልጋዮች ቤት ነው እንጂ፣ ግንብ ቤቶቹማ በኋላ አውሮፕላን ማረፊያው ሲሠራና መንገዱ ሲዘረጋ ተከታትለው የመጡ እንግዶች ናቸው።

ዕድራችን ሲቋቋም ጥሩምባ የሚነፋ ሰው ሲፈለግ፣ አንድም ቤት የማይጠፋባቸው አቶ ገሰሰ በመሆናቸው፣ ደግሞም ድምፃቸው ወንዝ የሚያሻግር ስለነበር ያለ ተቃውሞ ተመረጡ። አጠራራቸውን የማያስታውስ ከመካከላችን የለም። የሟቹን ስም ከጠሩ በኋላ ቤቱን ያመለክታሉ፤ «ከብረት በሩ ገባ ብሎ»፣ «ከሾላው ፊት ለፊት»፣ «ከጋጣው ጀርባ» ሲሉ፣ ገና ከመኝታው ያልተነሣ ሰው ሳይቀር እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

ለውጥ መጣ። ልዕልቲቱ ከግቢያቸው ወጡ፤ ርስታቸውም የሕዝብ ሆነ። የብረት በሩ ተነቅሎ ወደማናውቀው ሄደ፤ እልፍኙ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ጋጣው የሸማቾች ሱቅ ሆነና ፈረስ ይበላበት በነበረው ገንዳ ላይ ጨውና ስኳር ተደረደረ። ከጥዶቹ የሚበዙት ለአዳራሽ ሥራ ተቆረጡ። አቶ ገሰሰ የተከሉትን ዛፍ ሲጥሉ ቆመው አዩ እንጂ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ በአዲሱም ግቢ አትክልተኛ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜም፣ ማንበብ አውቃለሁ ብለው ቢምሉ የሚሰማቸው አጥተው ከወይዘሮ ውባንቺ ጎን ተቀምጠው ፊደል ሀ ብለው ቆጠሩ፤ ሲጨርሱም የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው፤ ወይዘሮ ውባንቺ ግን ከባላቸው የበለጠ ውጤት ማግኘታቸውን ለጎረቤት ሳይናገሩ ያለፉበት ቀን አልነበረም።

ጊዜው የከፋው በልጃቸው ላይ ነው። ሙሉአለም የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ቀልደኛና አንባቢ ልጅ ነበር፤ በየካቲት 1970 ዓ.ም. ታጣቂዎች ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። እናቱ በየቀኑ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ይዘው እየሄዱ፣ ባዶውን ሳህን ይዘው ይመለሱ ነበር፤ አባትም ሳህኑን ተቀብለው እያዩ፣ መብላቱን በዚያ ያረጋግጡ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ወይዘሮ ውባንቺ፣ ልጃችን ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል፣ ከእንግዲህ ስንቅ አይቀበሉም ብለው ለባላቸው ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ገሰሰ በሕይወታቸው አንድ ጉዳይ ብቻ ቀራቸው፤ እሱም ሙሉአለም በተፈታ ጊዜ ቤቱን ሳያጣ እንዲገባ ነው።

ይህ ሐሳብ ምን ያህል እንደከበዳቸው የታየው ጎረቤታችን አቶ ኃይለኪሮስ ባረፉ ጊዜ ነው። አስቀድሞ ቀበሌው የቀድሞ ሥርዓት ስሞች በዕድር ጥሪ ላይ እንዳይነሡ፣ ሰው ሁሉ አዲስ ባወጣው የቤት ቁጥር እንዲጠራ አዝዞ ነበር። አቶ ገሰሰ ትእዛዝ አክባሪ ነበሩና በዚያ ንጋት «የቤት ቁጥር 214» ብለው ጠሩ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን የማዘጋጃ ቤቱ የዱሮ ቁጥር ከየበሩ ላይ ገና አልተነቀለም ነበርና፣ ለቀስተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ድንኳንና ወንበር ተሸክሞ፣ ሙሾ እያወረደ ሄዶ የዱሮው 214 ቤት ገባ። በዚያ ቤት ደግሞ ገና ገንፎዋን ያልጨረሰች አራስ ተኝታ ነበር። እናቷ በድንጋጤ አራሷን ሸፍነው ሲጮሁ፣ እኛ ደግሞ የቤቱ ሐዘንተኛ እኚህ ናቸው ብለን አብረናቸው አለቀስን፤ ዛሬ ስናወራው ያስቃል፣ ያን ጊዜ ግን ሟርት ሆኖ ስንት ሽማግሌ ነው ይቅርታ ሲጠይቅ የሰነበተው። ከሁሉ የከፋው ግን፣ የአቶ ኃይለኪሮስ ባለቤት ወይዘሮ ትብለጽ አገራቸው ትግራይ፣ ዘመዳቸው ሩቅ ሲሆን፣ ባላቸውን ታቅፈው ብቻቸውን መዋላቸው ነው። ሬሳው እንኳ ተሸካሚ ጎድሎት ከቀብር ሰዓት አለፈ።

አቶ ገሰሰ ወይዘሮ ትብለጽን እግራቸው ላይ ወድቀው ይቅርታ ከለመኑ በኋላ ቤታቸው ገብተው፣ ባለቤታቸው እንደሚያስታውሱት፣ «እዚህ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው መንገዱ በቁጥር ከጠፋበት፣ ልጄማ እንዴት ይሆናል? እሱ የሚያውቀው ጋጣውንና ድልድዩን ነው» አሉ። በማግስቱም ሌላ ሰው ሲሞት ጥሩምባቸውን ነፍተው «ከልዕልት ጋጣ ከፍ ብሎ» ብለው ጠሩ። ለቀስተኛው ሁሉ በሰዓቱ ደረሰ፤ አቶ ገሰሰ ግን የፊውዳል ናፋቂ ተብለው ታሰሩ። በሸንጎው ፊት «እኔ ልዕልቲቱን አልጠራሁም፤ እሳቸው የሉም። ሰው መንገድ እንዳይስት ነው የጠራሁት» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡም። ሲፈቱም ያንኑ ጠሩ፤ ደግመው ታሰሩ፤ በመጨረሻም ከጠያቂዎቹ የአንዱ እናት ሞተው ዕድርተኛው ሳይሳሳት ሲደርስላቸው ነገሩን ችላ አሉት።

ከዚያ በኋላ የሸማቾቹ ሱቅ ሊሰፋ የእነ አቶ ገሰሰ ቤት ስለተፈለገ፣ በምትኩ የቧንቧ ውሃና መብራት ያለው የግንብ ቤት ተፈቀደላቸው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣራዋ የሚያፈስ ጎጆ ይዞ ግንብ አልፈልግም የሚል ሰው ያልታየ ነውና፣ ልጃቸው ገንዘቤ ሳትቀር አባቷ አእምሯቸው ተነካ ብላ ሰግታ ነበር። አቶ ገሰሰ ግን ከዚያች በር ንቅንቅ አልልም አሉ፤ የሚያስገርመው ወይዘሮ ውባንቺም በጥብቅ ከባላቸው ጋር መቆማቸው ነው። በሩን ሙሉአለም በሚያውቀው በሰማያዊው ቀለም በየዓመቱ አብረው ይቀቡ ነበር። ወይዘሮ ውባንቺ ጥቁር አልለበሱም፤ ልጄ ታስሯል እንጂ አልሞተም ባይዋ እናት ጥቁር እንዴት ትለብሳለች ብለን እኛም አከበርናቸው። በሰው ለቅሶ ላይ ግን ከባለ ሐዘኑ በላይ የሚያለቅሱት እሳቸው ነበሩ፤ እኛ ይህን አንጀተ ቡቡ ከመሆናቸው ቆጥረነው ኖረናል።

አቶ ገሰሰ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሐኪምም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ በዚህ በጥር ወር 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በሚወዷት ቤታቸው ዐርፈዋል። ሊያርፉ ሲሉ ባለቤታቸውን፣ ልጁ ሲመጣ ቤት የሚኖር ሰው እንዳይጠፋ አደራ ብለዋቸዋል። ወይዘሮ ውባንቺም እሺ ብለዋቸዋል፤ አቶ ገሰሰ ይህን ሰምተው ዓይናቸውን ከደኑ።

አቶ ገሰሰ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ውባንቺ ገብሬን፣ ልጃቸውን ወይዘሮ ገንዘቤ ገሰሰን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና መላውን የልዕልት ሰፈር ሰው ትተው አልፈዋል። ሙሉአለም ከትተዋቸው ካለፉት መካከል ለምን አልተጠራም እንደምትሉ እናውቃለን። ትናንት ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ እኛም የአባቱ ነፍስ ደስ እንዲላት ስሙን ከሁሉ አስቀድመን ጽፈነው ነበር፤ ወይዘሮ ውባንቺ ሲነበብላቸው ሰምተው «እሱን ከዚያ አውጡት» አሉ። ከዚያም ለዐሥር ዓመት በሆዳቸው የያዙትን ነገሩን፤ በአደባባይ ይነበብ ብለው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ማንበብ ዛሬም እንደማያስደፍር አሳስበናቸው ነበር፣ እሳቸው ግን «እኔን ከዚህ በላይ ምን ያደርጉኛል» አሉ።

በሰኔ 1970 ዓ.ም. ወይዘሮ ውባንቺ እንደ ወትሯቸው ስንቅ ይዘው ሲሄዱ፣ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበል የሙሉአለምን ሹራብና ሱሪ አጣጥፎ ሰጥቷቸው፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላቸው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ከቆምነው የማያውቅ የለም። ልብሱን እዚህ ደጅ ላይ ለነበረ አንድ ችግረኛ ሰጥተው፣ ፊታቸውን በቡርቃ ውሃ ታጥበው ወደ ቤት ሲሄዱ፣ አቶ ገሰሰ ድልድዩ ላይ ቆመው ሲጠብቋቸው አዩ። ሊነግሯቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ «ዓይኑን ሳየው አቃተኝ» ይላሉ። ልጃችን ተዛወረ ያሉት ያን ጊዜ ነው። ባላቸው ለሚጠብቁት ልጅ በሩን አብረው የቀቡት፣ ግንቡን ቤት አብረው እምቢ ያሉት፣ ጥቁር ሳይለብሱ የኖሩት፣ ለባላቸው ተስፋ ሲሉ ነው። የራሳቸውን ልጅ ያለቀሱት በየቤታችሁ ሬሳ ላይ ነው።

ወገኖቻችን፣ ስለዚህ ዛሬ የመጣችሁት ለሁለት ሰው ለቅሶ ነው። የሰውን ሁሉ መንገድ የሚያውቅ እግዚአብሔር የአባትን የገሰሰንና የልጅን የሙሉአለምን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ዘንድ ያገናኝልን፤ ለዚህ ቤት መጽናናትን ያድልልን፤ አሜን።

እትዬ ውባንቺ፣ ከእንግዲህ የሚጠብቁት ሰው የለም፤ ያልቅሱ።