ድመቱ ነው ያወጣው

እንዴት ዋሉ እትዬ? ይግቡ፣ ይግቡ! ጫማዎን ይተዉት፣ ቤቱ ገና አልተጠረገም። ወገብዎ ተሻለዎት? ይቀመጡ... እሱ እግሩን ሰብሰብ ያደርግልዎታል። የእህቴ ባል ወንድም ነው፣ ቤተኛ ነው። ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጓል፤ ገመዱ የት እንደተሰካ እንጃ እንጂ... አይሰማንም። እንደ ልባችን እናውራ።

እህቴማ መኝታ ቤት ናት። ከሥራ አግደዋት የለ! አልሰሙም? ያቺ ባቡር የምትነዳው ዳክዬ፣ አገር ምድሩ ዓርብ ዓርብ የሚጠብቃት የካርቱን ፊልም... እሷን ከሚስሉት አንዷ እህቴ አይደለች? የመጨረሻውን ክፍል ቤት ይዛው መጣች፣ ሳይጨረስ ኢንተርኔት ላይ ወጣባት። ማን አወጣው? ባሏ ለሥራ ሌላ አገር ነው። እሷ በራሷ ላይ ጉድጓድ አትቆፍር። ታዲያ ማን ቀረ?... ድመቱ!

ምን ያስቅዎታል? ድመቱ ነው እንጂ! ምን ያለ ባለሙያ ድመት መሰለዎት። ፓስዎርዷን በትከሻዋ በኩል አይቶ ያዘ። ፊልሙን ገልብጦ ለቀቀው። ከሥሩም "ቤተሰቦች፣ እኔን የሚቀድም የለም፣ ሼር አድርጉ" ብሎ ጻፈበት። ዓርብ እስኪደርስ የተመልካቹ ነገር አንጀቱን በላው እኮ! ርኅሩኅ ነው። "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" የሚሉት ምቀኞች ናቸው፤ የእኛው ይኸው ሠልጥኖ የለም እንዴ?

ብቻ... ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? ዳክዬዋ ተቻኩላ ወጣችና እግር እንኳ አልተሳለላትም። አየር ላይ ተንሳፍፋ ነው ባቡሩን የምትነዳው። የተዋናዮቹ ድምፅም ገና አልገባ፤ ለጊዜው ብላ እህቴ ናት ያነበበችው። እና ዳክዬዋ የጠፋች እናቷን ስታገኝ፣ በእህቴ ድምፅ፣ "እዚህ ላይ ታለቅሳለች" ትላለች። ሰው ግን ወደደው! ትናንት የእኔው ትንሹ ከደረጃ ወድቆ፣ ጉልበቱ ደም በደም ሆኖ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እማዬ፣ እዚህ ላይ ያለቅሳል።"

ትክክለኛው ሲወጣማ ሰዉ አበደ። "እግር ማን ቀጠለባት? የኛን ዳክዬ መልሱ!" ብሎ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተኮለኮለ። አለቆቿ ደግሞ ድምፁን ሰምተው "ያንቺ ነው" አሏት። የሷ ነዋ፣ ምን ትበል? ነገ ጠዋት እነሱ ፊት ትቀርባለች። "እኔ ነኝ የወሰድኩት" የሚል አንድ ፍጡር ካልተገኘ፣ በቃ፣ ተባረረች። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይሄ ግን አፍሶ ሌላ ሰው ያስለቅማል። ብልህ እኮ ነው!

እሷ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። "ልጅ ነው፣ ምሳውን አስቀምጪለት" ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ድመቱን ነው እንግዲህ... እኔም አስቀመጥኩ፤ ይኸው ጥርግ አድርጎ በልቶታል። የምግብ ፍላጎቱ አልተዘጋም፣ ተመስገን ነው።

ምነው ተነሱ? አይቸኩሉ እንጂ፣ መቸኮል ጥሩ አይደለም... እኔ እንደሆንኩ አልረግመውም። ለምን ብዬ? እንዲያውም እመርቀዋለሁ፣ እርስዎም አሜን ይበሉ። ዕድሜ ይስጠው። ጤና ይስጠው። ሚስት ይስጠው፣ ቤት ይስጠው። ክፉ ቀን የመጣበት ዕለት ደግሞ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወንድም ከጎኑ አያሳጣው!